ስድስት ሚሊሜትር

(በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ለተሰበሰቡ ወላጆችና ወጣቶች የቀረበ ዲስኩር)



አዘጋጆቹ የላኩት የግብዣ ደብዳቤ አጭር ነበር። «ልጆቻችን የእውነት የሚመስል የፕላስቲክ ጠመንጃ ይገዛሉ። ሕጉ ምን ይላል?» ይላል። ጥያቄው አንድ መስመር ነው። መልሱ ግን ከክሊቭላንድ የልጆች መጫወቻ ሜዳ ተነስቶ ዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ይወስዳል። ስለዚህ ንግግሩ በመጀመሪያ መሣሪያውን፣ ቀጥሎ ሕግ ያበጀለትን ምልክት፣ ከዚያም ምልክቱ ሳይረዳ ቀርቶ ሰው ሲሞት የሚነሣውን ክርክር ያያል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃል፦ በእነዚህ ክሶች ዳኞች ሚዛን ላይ የሚያስቀምጡት የጠመንጃውን ጉልበት ሳይሆን ያየው ሰው የተሰማውን ፍርሃት ነው። ይህ ነገር ዛሬ ማታ ደጋግሞ ይነሣልና አትሰልቹ።

እንግዲህ ከመሣሪያው እንጀምር።

አገር ቤት ያደገ ሰው የልጅነት ጠመንጃውን አይረሳም። ከአገዳ ወይም ከቁራጭ እንጨት ይሠራል፤ ተኩሱም የሚወጣው ከባለቤቱ አፍ ነው። ያንን አይቶ የሚደነግጥ ዘበኛ አልነበረም። ኤርሶፍት የሚባለው ግን ሌላ ዓይነት ፍጥረት ነው። የትውልድ አገሩ ጃፓን ነው። እዚያ ተራው ዜጋ ሽጉጥ መያዝ አይችልም፤ በ1958 የወጣው የጦር መሣሪያና የጎራዴ ሕግ በጥብቅ ይከለክላል። መሣሪያ ማየትና መነካካት የሚወዱ ሰዎች ግን የትም አገር አይጠፉም። የጃፓን ፋብሪካዎች ለእነሱ ሲሉ ከመልክ እስከ ክብደት እውነተኛውን የሚመስል፣ በጋዝ፣ በሞላ (ስፕሪንግ) ወይም በባትሪ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያላት የፕላስቲክ ፍሬ የሚተፋ መሣሪያ ሠሩ። ቶኪዮ ማሩይ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ባለ ባትሪ ጠመንጃ ለገበያ ያቀረበው በ1991 ነው።

ፍሬዋ አብዛኛውን ጊዜ 0.2 ግራም ትመዝናለች። ጃፓን በ2006 ባሻሻለችው ሕግ የጉልበቷን ጣሪያ ከ1 ጁል ጥቂት ዝቅ አድርጋ ወስናለች። የተለመደው የፖሊስ ሽጉጥ ጥይት በአንጻሩ 500 ጁል ገደማ ይዞ ይወጣል። የኤርሶፍት ፍሬ ዓይን ላይ ካረፈች ታጠፋለች፤ ለዚህ ነው ተጫዋቾች ያለ መነጽር ሜዳ የማይገቡት። ሰው ለመግደል ግን አልተሠራችም። በውስጡ ከእውነተኛው እንዲህ የራቀው መሣሪያ ከውጭ ሲታይ መንትያው ነው፤ ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንለፍ፦ ምልክቱ።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የሕግ ጉዳይ የሆነው በሞት ነው። በ1983 ካሊፎርኒያ፣ ስታንተን ከተማ፣ አንድ ፖሊስ መጫወቻ ሽጉጥ የያዘ የ5 ዓመት ሕፃን ገደለ። በ1987 የጸደይ ወራት እዚያው ካሊፎርኒያ አንድ የ19 ዓመት ወጣት ከጓደኞቹ ጋር በጨረር ጠመንጃ ሲጫወት በሸሪፍ ረዳት ተገደለ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ደግሞ ታዋቂው የሸማቾች ጉዳይ ጋዜጠኛ ዴቪድ ሆሮዊትዝ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ሳለ አንድ ሰው ወደ ስቱዲዮው ገብቶ ሽጉጥ ደገነበት፤ የሰጠውንም ጽሑፍ አስነበበው። በኋላ ሲታይ ሽጉጡ መጫወቻ ነበር። ሆሮዊትዝ ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚህ ነገሮች ይከልከሉ ብሎ መሟገት ያዘ።

ኮንግረስ በ1988 ሕግ አወጣ። የሚያስቀው፣ አንቀጹ የተሰካው ስለ ኃይል ቁጠባ በሚናገር ሕግ ውስጥ ነው። ያም ሆነ ይህ ትእዛዙ ግልጽ ነው፦ የሚመረትና ወደ ገበያ የሚገባ መጫወቻ ወይም አምሳያ ጠመንጃ ሁሉ አፈሙዙ ላይ ደማቅ ብርቱካናማ መሰኪያ ይኑረው። መሰኪያው ከአፈሙዙ ጫፍ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም። ወይም ደግሞ መሣሪያው በሙሉ ውስጡን የሚያሳይ ይሁን፤ አለዚያም በደማቅ ቀለም ይሠራ። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 5 ቀን 1989 ነው።

ይህ ሕግ ሁለት ትልልቅ ቀዳዳዎች አሉት። አንደኛው፣ በአየር ግፊት የብረት ፍሬ የሚተኩሱትን፣ በተለምዶ ቢቢ የሚባሉትን ጠመንጃዎች ከምልክቱ ነፃ አድርጓል። ሁለተኛው ቀዳዳ የሕጉ እጅ ፋብሪካውን፣ አስመጪውንና ነጋዴውን እንጂ ገዢውን አለመያዙ ነው። ልጁ ቤት ገብቶ ጫፉን ቢነቅለው ወይም ጥቁር ቢቀባው የፌዴራሉ አንቀጽ ዝም ይላል። አንዳንድ ግዛቶች ቀዳዳውን ለመድፈን ሞክረዋል። ካሊፎርኒያ ምልክት ማጥፋትን ወንጀል አድርጋለች፤ ከ2016 መባቻ ጀምሮም ኤርሶፍት ከአፈሙዙ ሌላ በምላጭ መከለያውና በእጀታው ላይ ደማቅ ቀለም እንዲኖረው ታስገድዳለች። ኒውዮርክ ቀለሙን የባሰ አጥብቃ ትቆጣጠራለች፤ በ2015 የግዛቷ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እነዋልማርትንና አማዞንን የመሳሰሉ ቸርቻሪዎች ሕጉን በመጣስ ሸጣችኋል ብሎ ከ300,000 ዶላር በላይ አስከፍሏቸዋል።

ምልክቱ ግን ፖሊስን ያሳምናል ወይ? ወንጀለኛ እውነተኛ ሽጉጡን ጫፍ ብርቱካናማ ሊቀባ እንደሚችል ፖሊስ ያውቃል። ማታ በመብራት ደግሞ ስድስት ሚሊሜትር ቀለም ማን ያያል? ሕጉ ራሱ ያዘዘው ጥናት በ1990 ሲወጣ፣ ከ1985 እስከ 1989 ባለው ጊዜ መልስ የሰጡት 458 የፖሊስ መምሪያዎች ብቻ መኮንኖቻቸው አምሳያ መሣሪያን እውነተኛ ነው ብለው ኃይል የተጠቀሙባቸው 252 አጋጣሚዎች እንደነበሩ ቆጥረዋል። ዋሽንግተን ፖስት ደግሞ በ2015 እና በ2016 ብቻ አምሳያ መሣሪያ ይዘው በፖሊስ የተገደሉ 86 ሰዎችን መዝግቧል። ሕጉ ከወጣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በኋላ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ፣ ወደ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ደርሰናል። በመጀመሪያ አንድ ቀን ያዙልን። የብርቱካናማው ጫፍ ሕግ በጸና በአሥረኛው ቀን፣ ግንቦት 15 ቀን 1989፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግራሃም በኮነር ላይ ባቀረበው ክስ ውሳኔ ሰጠ። ነገሩ ከጠመንጃ ጋር ግንኙነት አልነበረውም፤ የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ሰው በፖሊስ ስለ መጎዳቱ ነበር። ነገር ግን እስከ ዛሬ የምንኖርበት መለኪያ የተሰጠው ያን ዕለት ነው፦ ፖሊስ የተጠቀመው ኃይል ተገቢ መሆኑ የሚታየው በቦታው በነበረ ምክንያታዊ መኮንን ዓይን ነው፤ ነገሩ ካለፈ በኋላ በተገኘ እውቀት መፍረድ አይቻልም። በዚህ መለኪያ «ሽጉጡ መጫወቻ ነበርኮ!» የሚለው የእናት ለቅሶ ለብቻው መልስ አይሆንም። ተፈላጊው ጥያቄ በፖሊሱ ቦታ የነበረ ምክንያታዊ መኮንን ያን ጊዜ ምን ይመስለው ነበር የሚለው ነው። ያልነው ፍርሃት ይኸውላችሁ፣ ሚዛኑ ላይ ወጣ።

ከዚህ ከተማ በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ያለውን ነገር አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ኅዳር 22 ቀን 2014፣ ክሊቭላንድ። የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ ከጓደኛው የተዋሰውን ኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ በመጫወቻ ሜዳው ይንጎራደዳል። ብርቱካናማው ጫፍ የለም። አንድ ሰው 911 ደወለ። ሽጉጡ የውሸት ሳይሆን እንደማይቀር ተናገረ፤ ያውም ደጋግሞ። ያዢውም ልጅ ሳይሆን እንደማይቀር ጨመረ። እነዚህ ሁለት ቃላት በስልክ ተቀባይዋ ጠረጴዛ ላይ ቀሩ፤ በመኪና ለሚከንፉት ፖሊሶች አልደረሱም። መኪናው ሣሩን አቋርጦ ልጁ አጠገብ ቆመ። ሁለት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ተኩስ። ወዲያው በሬዲዮ የተላለፈው መልእክት የተመታውን «ምናልባት 20 ዓመት» ብሎ ይገልጸዋል። እየሮጠች የመጣች የ14 ዓመት እኅቱ ተጥላ እጇ በካቴና ታሰረ። ታሚር በማግሥቱ ሞተ።

ክሱስ? በሚስጥር ተሰብስቦ ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚለው የዜጎች ጉባኤ፣ ግራንድ ጁሪ የሚባለው፣ በታኅሣሥ 2015 አይመሥረት አለ። ከተማው በመጀመሪያ ለቤተሰቡ የፍትሐ ብሔር ክስ በሰጠው መልስ ለሞቱ ተጠያቂው የልጁ የራሱ አድራጎት ነው ብሎ ነበር፤ ከንቲባው ይቅርታ ጠየቀ። ቀጥሎ ለአምቡላንስ 500 ዶላር ክፈሉ የሚል ሰነድ መጣ፤ ለዚያም ይቅርታ ተጠየቀ። በሚያዝያ 2016 ከተማው ጥፋቱን ሳያምን በ6 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ክሱን ዘጋ። ተኳሹ ፖሊስ በ2017 ከሥራ ተባረረ፤ ምክንያቱ ግን ግድያው ሳይሆን የሥራ ማመልከቻው ላይ የሰጠው የተሳሳተ መረጃ ነው። ስልክ ተቀባይዋ 8 ቀን ታገደች። የፌዴራል ፍትሕ ሚኒስቴር በታኅሣሥ 2020 መዝገቡን ያለ ክስ ዘጋው።

ታሚር ከመገደሉ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2013፣ ሳንታ ሮሳ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ የ13 ዓመቱ አንዲ ሎፔዝ ኤኬ 47 የሚመስል ኤርሶፍት ይዞ በቀን ብርሃን በመንገድ ዳር ይሄድ ነበር። የእሱም ብርቱካናማ ጫፍ ወልቋል። ከኋላው የመጣ የሸሪፍ ረዳት መሣሪያውን ጣል ብሎ ጮኸ፤ ልጁ ዞር ሲል ስምንት ጊዜ ተኮሰ። እዚህም የወንጀል ክስ አልተመሠረተም። የፍትሐ ብሔሩ ክርክር ግን ሌላ መንገድ ሄደ። የሸሪፉ ጠበቆች መኮንኑ በሥራው ምክንያት ያለመከሰስ ከለላ አለው ብለው ተከራከሩ፤ የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ችሎት በ2017 ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ አልተቀበላቸውም። ነገሩ የጠመንጃው አፈሙዝ ያለበት ቦታ ላይ ደረሰ፦ ወደ መሬት ነበር ወይስ እየተነሣ? ልጁ ለማስፈራራት ዞረ ወይስ ስለ ተጠራ? ይህን ዳኛ ብቻውን አይቆርጠውም፤ ሰምቶ የሚፈርደው የሕዝብ ጁሪ ነው አለ ችሎቱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ይግባኙን አላይም ሲል አውራጃው በ3 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ።

ሁለቱን መዝገቦች አጠገብ ለአጠገብ ስታኖሯቸው አንድ ነገር ይወጣል። ፍርሃት ሚዛን ላይ መቀመጡ አልቀረም። ይሁን እንጂ በሎፔዝ መዝገብ ፍርሃቱ ራሱ ተጠየቀ፤ ከየት መጣ፣ ምን አይቶ ነው የፈራው ተባለ። የዚህ ዲስኩር አቅራቢ እምነት ልዩነቱ ሁሉ እዚህ ነው የሚል ነው። በክሊቭላንድ ፍርሃቱን ያበጀው ሽጉጡ ብቻ አይደለም፤ ያልተላለፈው መልእክትና ሣር አቋርጦ ልጁ ጉያ ውስጥ የገባው መኪናም አብረው ሠርተውታል።

ኦሃዮ ውስጥ አዋቂ ሰው እውነተኛ ሽጉጥ በይፋ ታጥቆ በመንገድ ቢሄድ ሕግ አይከለክለውም። ይህን እያሰባችሁ የ22 ዓመቱን ጆን ክሮፎርድ አስታውሱ። ነሐሴ 5 ቀን 2014፣ ቢቨርክሪክ፣ ዋልማርት ውስጥ። ከመደርደሪያ ላይ ሳይታሸግ የተቀመጠ የአየር ጠመንጃ አንሥቶ ስልክ እያወራ ይዞር ነበር። 911 የደወለ ሰው በገዢዎች ላይ ደግኗል ብሎ ተናገረ፤ ፖሊስ ገብቶ ገደለው። በእጁ የነበረው ሱቁ ራሱ የሚሸጠው ዕቃ ነው። ያውም ከብርቱካናማው ጫፍ ነፃ ከተደረገው ወገን ነው። እዚያም ግራንድ ጁሪው አልከሰሰም፤ ከተማው በ2020 ለቤተሰቡ 1.7 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

አንድ መዝገብ ደግሞ የግድ መነገር አለበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰ ነውና። በጥቅምት 2010 ካሊፎርኒያ፣ ላንካስተር ከተማ፣ ሜንዴዝ የተባለ ሰው ከነፍሰ ጡር ባልንጀራው ጋር በሰው ጓሮ በሠራት ዛኒጋባ ውስጥ ተኝቷል። አይጥ የሚመታበት ቢቢ ጠመንጃ አጠገቡ ነው። ሌላ ሰው የሚፈልጉ የሸሪፍ ረዳቶች ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ፣ ሳያንኳኩ ከፍተው ገቡ። ሰውዬው ለመነሣት ጠመንጃውን ገለል ሲያደርግ 15 ጥይት ዘነበባቸው፤ እግሩ ተቆረጠ። የታችኛው ፍርድ ቤት ተኩሱ ለብቻው ሲታይ ተገቢ ነው፣ ግን ግጭቱን የጠሩት በሕገ ወጥ አገባባቸው ራሳቸው ናቸው ብሎ 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረደላቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 በአንድ ድምፅ «ግጭቱን ጠርተዋል» የሚለውን ደንብ ሻረው። መዝገቡ ወደ ታች ሲመለስ ይግባኝ ሰሚው ችሎት በሌላ መንገድ፣ ለጉዳቱ መንስኤው ያለ ፈቃድ መግባቱ ነው ብሎ ካሣውን አጸናው።

ወጣቶች፣ ይኼኛው በተለይ ለእናንተ ነው። ሕጉ ፍርሃትን የሚመዝነው ለፖሊስ ሲል ብቻ አይደለም፤ በመጫወቻ ሽጉጥ ቀልድ በሚሠራው ላይም ያው ሚዛን ይወጣል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1986 ባንክ የዘረፈ ሰው ሽጉጡ ጥይት ባይኖረውም «አደገኛ መሣሪያ» ይዟል አለ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ያየው ሰው መፍራቱ ነው። በ1989 የዘጠነኛው ወረዳ ችሎት ያንኑ አሳብ ወደ መጫወቻ ሽጉጥ አሸጋገረው። «የፕላስቲክ ነው» ማለት ከከባዱ ቅጣት አላዳነም።

ሌሎች አገሮች በየመንገዳቸው ሄደዋል። ብሪታንያ ከጥቅምት 2007 ጀምሮ እውነተኛ የሚመስል አምሳያ መሣሪያ መሥራትን፣ ማስመጣትንና መሸጥን ከልክላለች፤ ኢንሹራንስ ባለው ሜዳ ላይ የሚጫወቱ የኤርሶፍት ተጫዋቾች ግን ገዝተው መጠቀም ይችላሉ። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ አምሳያ መሣሪያ መሸጥም ወንጀል ነው። ካናዳ ውስጥ ደግሞ የአየር ሽጉጥ ጉዳይ በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ የተነሣው መለኪያ የአሳማ ዓይን ነበር፤ ፍሬው በሰከንድ ከ214 ጫማ በላይ ከፈጠነ ዓይን ሊያፈስ ይችላል፣ እንግዲያውስ ጠመንጃ ይባላል እንደ ማለት ነው። አሜሪካም አንድ ጊዜ ውስጡን ለማየት ሞክራ ነበር፦ በ2009 በታኮማ ወደብ ከታይዋን የመጡ 30 ኤርሶፍቶች ተይዘው፣ ወደ እውነተኛ መትረየስ ሊለወጡ ይችላሉ ተባለ። የኤርሶፍት ወዳጆች እስከ ዛሬ ይስቁበታል።

መጨረሻ ላይ አዲስ ነገር አለ። ግንቦት 15 ቀን 2025፣ ግራሃም በተፈረደ ልክ በ36ኛ ዓመቱ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሂውስተን አካባቢ በመጣ የመኪና ማስቆም መዝገብ ላይ በአንድ ድምፅ ወሰነ። አንዳንድ ችሎቶች የተኩሱን ቅጽበት ብቻ እያዩ የቀደመውን ሁሉ ይጥሉ ነበር፤ ያ ስሕተት ነው፣ የነገሩ አጠቃላይ ሁኔታ ይታይ ተባለ። የታሚር የሁለት ሰከንድ መዝገብ ዛሬ ቢመጣ ከሰከንዶቹ በፊት የነበረው የስልክ ጥሪ አብሮ ይነበባል ማለት ነው። ፖሊስ ራሱ የሚፈጥረው አደጋ እስከ ምን ድረስ ያስጠይቀዋል የሚለውን ግን ፍርድ ቤቱ ሆን ብሎ ሳይነካው አልፏል።

ወላጆች፣ ሕጉ እስኪደርስላችሁ አትጠብቁ። ልጃችሁ ኤርሶፍት ካለው ከቤት እስከ ሜዳ በተዘጋ ቦርሳ ይሂድ፤ በመኪና ወንበር ላይ፣ በመናፈሻ፣ በአውቶቡስ ፌርማታ አይታይ። ጫፉ ከወለቀ መሣሪያው ከቤት አይውጣ። «ጣል» የሚል ድምፅ ከኋላ ከሰማ፣ መሣሪያውን እንደያዘ እንዳይዞር አስተምሩት፤ መጀመሪያ ይልቀቀው፣ ከዚያ ይዙር። እናንተም አንድ ቀን መስኮት ከፍታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ብታዩና 911 ብትደውሉ፣ ልጅ መሆኑን፣ መጫወቻም ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ፤ ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊትም «ይህን ለፖሊሶቹ ነግረሻቸዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ቅድሚያው ከኋላ ወንበር ላላችሁት ወጣቶች ነው።